ባርኮድ የተለጠፈበት ድንጋይ

ጀማነህ ድራም አይመታም፤ ይደበድባል። ልዩነቱን ማወቅ የፈለገ እሑድ ጠዋት ኦሃዮ ውስጥ ሚነርቫ ፓርክ አጠገብ ካለችው የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ የፊት ወንበር ላይ ይቀመጥ። በመጀመሪያው መዝሙር አንድ የድራም ዱላ ይሰበራል፤ በሁለተኛው ሌላ። አንድ ጊዜ ስባሪው በርሮ የእትዬ ፀሐይወርቅን ጉንጭ ሰነጠቀው። እሳቸውም ደማቸውን በነጠላቸው ጠርገው "ሃሌ ሉያ!" አሉ። ምእመኑ መንፈስ የወረደ መሰለው። የወረደው የእንጨት ስንጣሪ ነበር።

ከዚያ በኋላ የቤተ ክርስቲያኒቱ ቦርድ ተሰበሰበ፣ ጸለየ፣ ድምፅ ሰጠ፤ በድራሙ ዙሪያም መስታወት የመሰለ የፕላስቲክ አጥር አቆመ። አዲስ ሰው ሲገባ የአራዊት ማቆያ ይመስለዋል። ውስጡ ወደ ሃምሳ የሚጠጋ፣ አንገቱ የወይፈን የሆነ፣ ሸሚዙ በላብ ገላው ላይ የተጣበቀ ሰው ጥርሱን ነክሶ አምላኩን በቡጢ ያመሰግናል።

ከሰኞ እስከ ዓርብ ይኸው ሰው ዌርሃውስ፣ ማለትም የዕቃ መጋዘን፣ ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ይነዳል። በፈረንጆቹ 2020፣ በኮቪድ ጊዜ፣ የተማረውና የደላው ሕዝብ ቤቱ ተቀምጦ በስልኩ ሶፋ፣ የውሻ ምግብና የዮጋ ምንጣፍ ሲያዝ፣ ያንን ሁሉ ያነሣና ያወረደ ወዝአደር እሱ ነው። አለቆቹ "ጀግናችን" የሚል ጨርቅ ሰቀሉለትና ፒዛ አበሉት። ጀግና ማለት በዚህ አገር ቋንቋ ቤቱ መቀመጥ የማይፈቀድለት ሰው ነው።

ጉዳቱ ግን ከፎርክሊፍቱ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ተዘግቶ አምልኮ ወደ ዙም ገባ፤ በዙም ድራም አይመታም። በሁለተኛው ወር የጀማነህ ቡጢ የሳሎኑን ግድግዳ በስቶ ወደ መኝታ ቤት አለፈ። ባለቤቱ ሙሉወርቅ ቀዳዳው ላይ የልጃቸውን የሀሴትን የሁለተኛ ደረጃ ምርቃት ፎቶ ሰቀለችበት። በበጋው ሌላ ቀዳዳ ተከፈተ። ሌላ ፎቶ ተሰቀለ። ጎረቤት "ልጃችሁን በጣም ትወዷታላችሁ" አለ።

ጀማነህ ሙሉወርቅን መትቷት አያውቅም። የማያውቀው ጥሩ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ እሑድ ስላለ ነው። ይህንን ሙሉወርቅ ታውቃለች፣ ሀሴት ታውቃለች፣ ራሱ ጀማነህም ያውቃል። ቤተ ክርስቲያኑ ተመልሶ ሲከፈት ከምእመናኑ ሁሉ የተንሰቀሰቀችው ሙሉወርቅ ነበረች። ሰው ቅዱስ ቁርባንን የናፈቀች መሰለው። የናፈቀችው ያንን የፕላስቲክ አጥር ነበር።

ይህ ክንድ ከየት መጣ? ጀማነህ አዲስ አበባ ልጅ ሳለ የቀበሌ ኪነት ከበሮ መቺ ነበር። አብዮቱ ሲያቅራራ ከኋላው ሆኖ ደለቀለት። አብዮቱ ከነከበሮው ሲወድቅ ከአንድ የባህል ቡድን ጋር ለንደን ሄደ፤ ጓዶቹ በአውቶቡስ ወደ አየር ማረፊያ ሲሳፈሩ እሱ በሆቴሉ ማድ ቤት በር ወጣ። በሰሜን ለንደን አንድ መጠጥ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ብርጭቆ አጣቢ ሆነ።

ከመጠጥ ቤቱ ፎቅ ላይ "ዘ ሎስት ግላቭስ"፣ ማለትም የጠፉት ጓንቶች፣ የሚባል ባንድ ይለማመድ ነበር። አራት የገረጡ ልጆች ናቸው። አባቶቻቸው ሐኪምና መምህር፤ እነሱ ግን ድህነት የሚያምርባቸው መስሏቸው ከሰልባጅ መደብር የተገዛ የሽማግሌ ሹራብ ይለብሳሉ። የሚዘፍኑት ስላመለጣቸው አውቶቡስ፣ ስለቀዘቀዘ ሻይና መልስ ስላልጻፈች ልጅ ነው። ሲዘፍኑ ጉንፋን የያዛቸው ይመስላሉ። የንዑስ ከበርቴ ሐዘን ማለት ይኸው ነው፤ ጥጋብ ያመጣው ማስነጠስ። በዘጠናዎቹ መጨረሻ እንግሊዝ አገር እንዲህ የሚያስነጥስ ባንድ በየመንደሩ ነበር።

አንድ ቀን ድራም መቺያቸው ፈተና ደርሶበት ቀረ። ጀማነህ ከምድር ቤት እጁ አረፋ እንደሆነ ወጣ፤ ተቀመጠ፤ ደበደበ። ድራሙ ከምቱ የተነሣ በወለሉ ላይ እየተንሸራተተ ወደ ፊት ስለሄደ ግማሽ ብሎኬት አምጥተው ከፊቱ አስቀመጡበት። ከዚያ ቀን ወዲያ ብሎኬቱ በየሄዱበት የሚከተላቸው አምስተኛ ጓድ ሆነ። አንድ መጽሔት "ሻይ ግብዣ ላይ ምሳር ይዞ የመጣ ሰው" ብሎ ጻፈ። ልጆቹ ደስ አላቸው። ምሳር በቤታቸው አይተው አያውቁም።

አንድ አልበም አወጡ፤ ጥቂት ሰው ወደዳቸው፤ ሁለት ዓመትም አልቆዩም። መጨረሻው በ1998 ሌስተር ከተማ፣ የተማሪዎች አዳራሽ ውስጥ ሆነ። ኮሊን የተባለው፣ ጊታር የሚመታውና የሚዘፍነው፣ በዘፈን መሐል ዞር አለና በማይክሮፎኑ "ፈጠንክ! እኛ ሰዎች ነን፤ ባቡር አይደለንም" አለው። አዳራሹ ሳቀ። ጀማነህ የድራሙን የነሐስ ሳህን የሚሸከመውን ብረት ከነሳህኑ አነሣ። ኮሊን ግራ እጁን ፊቱ ላይ ጋረደ። ሦስቱ ጣቶቹ ሲሰበሩ ድምፁ በማይክሮፎኑ ገብቶ በአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ሁሉ ወጣ፤ ደረቅ፣ አጭር፣ ጥርት ያለ። አንዳንዱ ተማሪ የዘፈኑ አካል መስሎት አጨበጨበ። ሁለተኛው ምት ጊታሩን ሁለት ቦታ ከፈለው። ለሦስተኛው ነበር የያዙት።

ፖሊስ መጣ። ጀማነህ ወረቀት የሌለው ሰው ነው፤ አንድ ቃል ከተነገረበት በዚያው ሌሊት ይጠረዛል። ኮሊን ሹራቡ በደም ርሶ፣ ከንፈሩ ነጥቶ፣ "ከመድረክ ወደቅኩ" አለ። ጨዋነት ይሁን ድንጋጤ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ጀማነህ ይቅርታ ሳይል ወጣ። ኮሊን ከዚያ ወዲያ ጊታር መያዝ አልቻለም። ጓንቶቹም ጠፉ። የጀማነህ ጥገኝነት ማመልከቻም በመጨረሻው አልተሳካለትም፤ አዲስ አበባ ተመለሰ፣ አገባ፣ ወለደ፣ ዲቪ ደረሰው፣ ኦሃዮ ገባ፣ ጌታን ተቀበለ። ሌስተርን ለማንም አልተናገረም።

በ2021 የበረዶው ወራት ሲገባደድ አንድ ሥራ ፈት እንግሊዛዊ የዚያን ምሽት ፊልም ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች አገኙት። በስብከቱ መሐል ስልኩ ከወንበር ወንበር ዞረ። "ኢዝ ዛት ጋሼ ጀማነህ?" "ኖ ዌይ!" "ሉክ አት ሂዝ ኔክ!" አንገቱ አጋለጠው።

ስልኩ በመጨረሻ ፓስተር ተፈሪ እጅ ገባ። ፓስተር ተፈሪ ሱፉ የማይጨማደድ፣ ጥርሱ የነጣ፣ ከአየር ማረፊያ የሚገዛ የ"ሊደርሺፕ" መጽሐፍ እንደ ነቢይ የሚጠቅስ ሰው ነው። ጀማነህን ቢሮው ጠራው።

"ወንድም ጀማነህ፣ ይሄ አንተ ነህ?"

"ነኝ።"

"ሰውዬው ሞተ?"

"ኧረ ጣቱ ነው።"

"ታርቃችኋል?"

"ፓስተር፣ እኔ እንኳን ልታረቅ የት እንዳለ…"

"እሱን ከሥሩ ጽፎታል፤ አላየህም?" ፓስተሩ ስልኩን አዞረለት። ከፊልሙ ሥር ኮሊን የሚባል ሰው እንዲህ ጽፎ ነበር፦ ጊታሩን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ አሜሪካዊት አግብቼ ኮለምበስ፣ አፐር አርሊንግተን እኖራለሁ፤ በኢንሹራንስ ሥራ እተዳደራለሁ፤ ጣቶቼ ዝናብ ሲመጣ ይነግሩኛል።

ከጀማነህ ቤት በመኪና ሩብ ሰዓት አይሞላም።

"ከዚህ ሰው ሳትታረቅ ድራሙን አትነካም" አለ ፓስተሩ። "ኢሜጃችንን አስብ።"

በቀጣዩ እሑድ በጀማነህ ፋንታ የኪቦርዱ ማሽን "ጡስ ታክ፣ ጡስ ታክ" አለ። ጀማነህ ከኋላ ወንበር ጉልበቱን እየመታ ሰማ። በዚያው ሳምንት ዌርሃውሱ ውስጥ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር "ቶሎ በል" ቢለው አገጩን አለው፤ ሾፌሩ ሁለት ጥርሱን በመዳፉ ይዞ ወጣ፤ ጀማነህ ለጊዜው ከሥራ ታገደ። ቤት ገባ። ሙሉወርቅ "ለምን?" ብላ ጠየቀችው። ክንዱ ተነሣ። ከራስዋ በላይ አልፎ የፍሪጁን በር አጎደጎደው። ሁለቱም ያንን ጉድጓድ ቆመው አዩት። ፎቶ የሚሰቀልበት ቦታ አልነበረም።

ሙሉወርቅ በማግስቱ ጋሼ ዘውዴ ዘንድ ሄደች። "ድራሙን አስመልሱለት፤ አለበለዚያ ቀጥሎ እኔ ነኝ" አለቻቸው። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ጋሼ ዘውዴ አገር ቤት የቀበሌ ዳኛ ነበሩ፤ እዚህ ዳውንታውን የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ይጠብቃሉ፤ ዳኝነቱ ግን አልለቀቃቸውም። ጓደኛቸውን ጋሼ ጎሹን ጠሩ። ጋሼ ጎሹ ደም በማድረቅ የታወቁ ናቸው፤ ቢያንስ እሳቸው እንደሚሉት። ሁለቱ ተቀምጠው ፍርድ ሰጡ፦ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ከተበዳይ እግር ሥር ይወድቃል፤ ሽማግሌ ከኋላው ይቆማል፤ ተበዳይ ድንጋዩን ከአንገቱ ያወርድለታል፤ አለቀ።

ቀጥሎ በድንጋዩ ተጣሉ።

"ትንሽ ከሆነ ንቀት ነው" አሉ ጋሼ ጎሹ።

"ትልቅ ከሆነ ወገቡ ይሰበራል" አሉ ጋሼ ዘውዴ።

"ይሰበራ! የሰው ጣት ሰብሮ የለ?"

ከዚያ የባሰው ችግር ድንጋይ መጥፋቱ ነበር። በኮለምበስ ሜዳው ሁሉ ሣር ነው፤ ድንጋዩ ሁሉ የሰው ንብረት ነው። ስለዚህ እነዚህ ሁለት የባህል ዘበኞች የአባቶቻቸውን ሥርዓት በጋሪ እየገፉ የአትክልት ዕቃ መደብር ካሼር ዘንድ ወሰዱት። የንስሐው ድንጋይ "ቢፕ" ብሎ ወጣ። ባርኮዱን የላጠው የለም።

እንግሊዝኛ እንድታስተረጉም የተወሰደችው ሀሴት ናት፤ የኮሊንን አድራሻ ከኢንተርኔት ፈልጋ ያገኘችውም እሷ ናት፤ ኮሌጅ ትማራለች፤ ቤት ውስጥ አስቀድሞ የሚያስብ ሰው ከተፈለገ እሷ ናት።

"አባዬ፣ ለምን ቴክስት አታደርግለትም?"

"ሽምግልና በቴክስት?" አሉ ጋሼ ጎሹ ከፊት ወንበር ዞረው። "ቀድሞ ከተነገረው ይሸሻል! ሽማግሌ ድንገት ነው የሚደርስ።"

"ጋሼ፣ ሰዎቹ ዶንት ኖው ሽምግልና። ዚስ ኢዝ ሶ ባድ።"

"ምን አለች?"

"መልካም ነው አለች" አሉ ጋሼ ዘውዴ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አፐር አርሊንግተን ደረሱ። መንገዱ ዳር የመጨረሻው በረዶ ተከምሯል። ሁለቱም ሽማግሌዎች ጥቁር ካፖርት ለብሰዋል፤ ኮቪድን ፈርተው ጥቁር ጭንብል አጥልቀዋል፤ ከዘራቸውን ይዘዋል። ጀማነህም ጭንብል አድርጓል፤ ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ ጭኖ በሁለት እጁ ደግፎታል። ደጅ መደወል ነውር ነው ተባለ። ሣሩ ላይ ተደርድረው ቆሙና ጋሼ ጎሹ በዚያ ጸጥታ መሐል "ስለ እግዚአብሔር! ስለ እግዚአብሔር!" እያሉ ጮኹ።

እንግዲህ እርስዎ በመስኮቱ የሚያይ ሰው ይሁኑ። ጭንብል የለበሱ፣ ዱላ የያዙ፣ በማያውቁት ቋንቋ የሚጮኹ ጥቁር ሰዎች። ከፊታቸው ድንጋይ ያነሣ ሌላ ሰው። የሰውዬው አንገት ደግሞ ሃያ ዓመት በሕልም እየመጣ የሚያስበረግግዎ ያ አንገት ነው።

ኮሊን በካልሲው ወጣ። በእጁ የበረዶ አካፋ አለ። ጀማነህ አጎንብሶ ወደ እሱ ተራመደ፤ በሥርዓቱ መሠረት ቀና ማለት የለበትምና አላየውም።

የመጀመሪያው ምት ትከሻውን አገኘው። ጀማነህ ተንበረከከ እንጂ ድንጋዩን አልጣለም፤ ድንጋዩን መጣል ያለበት ኮሊን ነው። በሁለተኛው የአካፋው ስለት ቀኝ እጁን ከድንጋዩ ጋር አጣበቀው። ያ ድምፅ እንደገና ተሰማ፤ ደረቅ፣ አጭር፣ ጥርት ያለ፤ ማይክሮፎን ብቻ ጎደለው። ደሙ በክንዱ ወርዶ ሣሩ ላይ ተንጠባጠበ።

"ገላጋይ ነን! ገላጋይ!" አሉ ጋሼ ዘውዴ። ጋሼ ጎሹ ግን፣ ደም ሊያደርቁ የመጡት፣ ከዘራቸውን አንሥተው የኮሊንን ጉልበት አሉት። ኮሊን አነከሰና አካፋውን ወደ እሳቸው አዞረ፤ ካፖርታቸው ከብብታቸው እስከ ወገባቸው ተተረተረ። እርቁ እየሰመረ ነበር።

ሀሴት ከመኪናው እየሮጠች መጣች። በእንግሊዝኛ "አቁም! ይቅርታ ሊጠይቅህ ነው የመጣው!" ብላ ጮኸች።

"ድንጋይ ይዞ?" አለ ኮሊን። አካፋው አየር ላይ ነው።

"ድንጋዩ ላንተ ነው!"

ይህ ነገሩን አባባሰው። አካፋው ሦስተኛ ጊዜ ወረደ፤ የጀማነህ ጆሮ ተሰነጠቀ። ጀማነህ ግን በዚያን ጊዜ ድንጋዩን ተሸክሞ እስከ ካልሲው ደርሶ ነበር። በግንባሩ የኮሊንን እግር ነካ። ጭንብሉ ወልቋል።

"ኮሊን" አለ። "ፈጥኜ ነበር። ያን ቀን፣ ፈጥኜ ነበር።"

ኮሊን አካፋውን እንደያዘ ቆመ። ትንፋሹ ይጮኻል። ከዚያ በተጣመሙት ሦስት ጣቶቹ ድንጋዩን ይዞ ከሰውዬው አንገት ላይ አነሣለት። ለምን እንዳነሣው አያውቅም። ምናልባት ቢነሣ ሰውዬው የሚሄድለት መስሎት ይሆናል።

"ወረደ! አወረደለት!" አሉ ጋሼ ጎሹ፣ የተተረተረ ካፖርታቸውን ይዘው። "እርቅ ሆነ!"

ያኔ ፖሊስ ደረሰ። ጎረቤት ደውሎ ኖሯል። ሁለቱ መኮንኖች ከመኪናቸው ሲወርዱ እጃቸው ሽጉጣቸው ላይ ነበር፤ አንደኛው ሽጉጡን አወጣው። ሁሉም ባሉበት ደረቁ። የጋሼ ዘውዴ ከዘራ ከእጃቸው ወደቀ። ሀሴት እጇን ዘርግታ "አባቴ ነው፣ አባቴ ነው" ትላለች።

"ማን ነው የመታህ?" አለ መኮንኑ።

ጀማነህ ቀኝ እጁን በግራው ደግፎ ቀና አለ። አንድ አጥንት በቆዳው ወጥቶ ይታያል።

"ማንም። ድንጋዩ አምልጦኝ ወደቀብኝ" አለ።

ኮሊን አየው። ከዚያ "አዎ፤ የአትክልት ድንጋይ ሊያመጡልኝ መጥተው ነው" አለ።

መኮንኑ ድንጋዩን በእግሩ ገለበጠው። ባርኮዱ ከነመደብሩ ስም ፊት ለፊት ወጣ። ፀሐይ መታችው። መኮንኑ አነበበው። ሽጉጡን መለሰ። ሰው ሲምል የማያምን ሕግ ዕቃ መደብር ሲምል ያምናል። ጋሼ ዘውዴ ምን እንደተባለ ሳይገባቸው "የስ፣ የስ" እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በሕይወታቸው የሰጡት የተሻለ ምስክርነት ያ ነው።

የዚያን ዕለት የሰው ሕይወት ተርፏል። ለፓስተር ተፈሪ ግን ይህ አልበቃውም። ሽማግሌዎቹ ገድላቸውን በየቤቱ ሲያወሩ ሁሉን ሰማ፤ እሑድ ጀማነህን እጁ በጄሶ እንደተጠቀለለ ጉባኤው ፊት አቆመው።

"እርቁ ግሩም ነው፤ ጌታ ይመስገን" አለ። "ግን ወንድማችን ለፖሊስ ዋሽቷል። ውሸታም መድረኬ ላይ አይቀመጥም። ሄዶ እውነቱን ያስመዝግብ። ማን ሰበረህ? እዚሁ ተናገር፤ ድራሙን ዛሬውኑ ውሰድ።"

የኪቦርዱ ማሽን ተዘጋ። ድራሙ በአጥሩ ውስጥ ያበራል። ሙሉወርቅ ከሦስተኛው ወንበር ባልዋን አየችው። አንድ ስም ብቻ ነው የሚፈለገው። አንድ እንግሊዛዊ ለፍርድ ቢቀርብ ምን ይሆናል? ጠበቃ ያቆማል። እሷ ግን ጠበቃ የላትም፤ ያላት ድራሙ ነው።

"ድንጋዩ ወደቀብኝ" አለ ጀማነህ።

"ወንድም ጀማነህ!"

"ድንጋዩ ነው።"

"በጌታ ቤት?"

"በማንም ቤት። ድንጋዩ ነው።"

ፓስተሩ ማይክሮፎኑን ጠጋ አደረገ። "እንግዲያው እዚህ ቤት ድራም የለህም።" ጀማነህ ወደ ድራሙ ዞረ። የፊት ወንበር ሰዎች ጎንበስ አሉ፤ እትዬ ፀሐይወርቅ ጉንጫቸውን ሸፈኑ። አንድ ጊዜ ብቻ ረገጠው። የፕላስቲኩ አጥር ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ ሁለት ክንፉ መድረኩ ላይ ተዘረረ። ድራሙን ግን አልነካውም። ሙሉወርቅን በጤናማው እጁ ያዛትና ወጡ።

መኪናው ውስጥ "አሁንስ?" አለችው። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ሲንቀጠቀጥ ሀሴት አውጥታ አነበበችው። መልእክቱ ከኮሊን ነበር፤ ቁጥሩን ያን ቅዳሜ እሷው ሰጥታዋለች። ድንጋዩን አልወሰዳችሁትም፤ ሣሬን እየገደለው ነው ይላል።

በ2022 የጸደይ ቅዳሜዎች አፐር አርሊንግተን የሚኖሩ ሰዎች ከአንድ ጋራዥ የሚወጣ ጩኸት እያማረራቸው ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤ ጽፏል። ነገሩ የተጀመረው ጀማነህ ድንጋዩን ሊያነሣ በሄደ ቀን ነው። ውስጡ ሁለት ጎልማሶች አሉ፤ አንደኛው ግራ እጁ አይታጠፍም፣ ሌላው ቀኝ እጁ አይጨብጥም። ኮሊን በሁለት ጣት ሊይዘው የሚችለውን ብቻ ይመታል፤ ጀማነህ ጄሶው ከወለቀ ወዲህ ዱላውን በፕላስተር ከእጁ አንጓ ጋር አስሮታል። የሚጫወቱት ስላመለጠ አውቶቡስ ነው። አሁንም ጉንፋን የያዛቸው ይመስላሉ። በጀማነህ ቤት ከዚያ ወዲህ አዲስ ፎቶ አልተሰቀለም፤ ሙሉወርቅ ቅዳሜ ቅዳሜ ራስዋ በመኪና ታደርሰዋለች፤ ጋራዡ እስኪዘጋም አትሄድም።

ድራሙ እንዳይንሸራተት ከፊቱ ድንጋዩ ተቀምጧል። ባርኮዱ አሁንም አለ።

ባለፈው ቅዳሜ ኮሊን በዘፈኑ መሐል አቆመ።

"ፈጠንክ" አለ።

ጀማነህ ድንጋዩን አየ። ኮሊንም ድንጋዩን አየ። ከደጅ፣ ሙሉወርቅ የመኪናውን ሞተር አጠፋች።

"ከየት እንጀምር?" አለ ጀማነህ።

"ከመጀመሪያው።"

ጀማነህ የዱላውን ፕላስተር በጥርሱ አጠበቀና ድራሙን ደበደበው።